ቺፑ ደህና ነው፣ ያረጀው ጎማው ነው

ላፕቶፗን ከቁምሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ላነሳት ስል አልነሳም አለችኝ። ሳብ ሳደርጋት መደርደሪያው አብሯት ነው የተነሳው። ከስሯ ያሉት አራቱ የጎማ እግሮች ቀልጠው እንደ ሬንጅ ሆነው እንጨቱ ላይ ተጣብቀዋል። በስንት ትግል ስትላቀቅ አራት ጥቁር ክብ ምልክት ትታ መጣች፣ ጣቴ ላይ የቀረውን ለማስለቀቅ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ያኔ አልገባኝም እንጂ ማሽኗ ችግሯን በሙሉ ገና ሳልከፍታት ነግራኝ ነበር።

በፈረንጆቹ 2003 የተሰራች ናት። ፔንቲየም ኤም ፕሮሰሰር፣ ሁለት 256 ሜጋባይት ራም፣ ከኋላዋ ሌላ ሞኒተር የሚሰካበት ሰፊ የቪጂኤ ቀዳዳ፣ ክዳኗ ሲዘጋ "ቀጭ" የሚል። የመጀመሪያ ላፕቶፔ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ መች እንዳጠፋኋት አላስታውስም፣ ግን ሳጠፋት ደህና እንደነበረች በደንብ አስታውሳለሁ፣ ሰውን የሚሸውደውም ይሄ ነው። ደህና ሆና ነው የተቀመጠችው፣ ማንም አልነካትም፣ አልወደቀችም፣ ውሃ አልገባባትም፣ ታዲያ ቁጭ ብላ ምን ትሆናለች?

ትሆናለች እኮ። ቁጭ ብላ ነው የምታረጀው።

ሰው ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንበት ቶሎ ብሎ "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል" ይላል፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ግን ከዚህች ማሽን ጋር ወራት ከታገልኩ በኋላ አሁን የምጠረጥረው በተገላቢጦሽ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ የራም ቺፑ፣ እነዚያ ጥቃቅን ጥቁር ሳጥኖች፣ ሙቀት ካልገደላቸው ለስንት አስርት ዓመት ቢቀመጡ ብዙም ግድ አይሰጣቸውም። የሚያረጀው ዙሪያቸው ያለው ነው። ጎማው፣ ሙጫው፣ ቅባቱ፣ ፕላስቲኩ፣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምታጠራቅም ትንሽ ክፍል) ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ ባትሪው። ባጭሩ ኬሚስትሪ የሆነው ነገር ሁሉ።

መጀመሪያ ያደረግኩት መደረግ የሌለበትን ነገር ነው፣ ቻርጀሩን አምጥቼ ሰካሁ። አሁን ቢሆን እንደዛ አላደርግም። ቢያንስ ባትሪዋን አውጥቼ፣ የስር ክዳኖቹን ከፍቼ፣ የፈሰሰ ወይም ያበጠ ነገር ካለ አይቼ ነበር የምሰካው። እንደ እድል ሆኖ ምንም አልተፈጠረም። በጣም ምንም አልተፈጠረም፣ መብራት የለ፣ ፋን የለ፣ ድምጽ የለ።

መልቲሜትር አወጣሁ። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ 16 ቮልት ይላል፣ ጫፉን ስለካው 16.3 አለኝ። ደህና ነው ብዬ ወደ ጎን አደረግኩትና ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ማዘርቦርድ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። የቻርጀሩን ቀዳዳ ፈታሁ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ለካሁ፣ ያልተሰነጠቀ ስታኞ (ብየዳ) ሁሉ የተሰነጠቀ መስሎ ታየኝ። በመጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ ለሚጠግን ጓደኛዬ ደወልኩለት።

"ቻርጀሩን ለካኸው?"

"አዎ ለካሁት፣ 16 ነው።"

"ባዶውን ነው የለካኸው ወይስ ተሸክሞ?"

ዝም አልኩ። ባዶውን ነዋ የለካሁት። ምንም ሳይሸከም የቆመ ሰው ሁሉ ጎበዝ ይመስላል። ማሽኗን ከፍቼ የመልቲሜትሩን ጫፎች ቻርጀሩ የሚገባበት እግር ላይ ይዤ ፓወር ስጫን ቁጥሩ ከ16 ወደ 7 ተንዶ ወረደ፣ ከዛ ተመልሶ ወጣ። ቻርጀሩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ደርቀዋል ማለት ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ በጎማ ክዳን ነው የታሸገው፣ በዓመታት ብዛት ቀስ እያለ ይተናል። ሙቀት ደሞ ያፋጥነዋል፣ በግምት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል፣ ቻርጀር ደግሞ በቀዳዳ አልባ ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ሲግል የሚውል ነገር ነው። እንደውም ከሁሉም ቀድሞ ቢሞት አይገርምም።

ቮልቱና የጫፉ አይነት የሚገጥም ሌላ ቻርጀር ተውሼ ስሰካ አረንጓዴዋ መብራት በራች። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር።

እዚህ ጋ ላይ አንድ ጥሩ ልማድ አለ፣ ባትሪውን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ሲዲውን፣ የዋይፋይ ካርዱን፣ ከአንዱ በስተቀር ራሙን ሁሉ አውጥተህ ማሽኗን እርቃኗን ማስቀረት፣ ቻርጀሩንም ነቅለህ ፓወር በተኑን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ መያዝ፣ የቀረ ቻርጅ ካለ እንዲፈስ። ከዛ አንድ በአንድ እየመለስክ ማየት። አሰልቺ ነው ግን ከጥርጣሬ ያድናል። የኔዋ በአንዱ ራም ዝም አለች፣ በሌላኛው አንዴ አጭር "ጢጥ" አለች። አጭር አንድ ጢጥ ብዙ ጊዜ "ደህና ነኝ" ማለት ነው፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ በድሮዎቹ አይቢኤሞች ጊዜ ጀምሮ የስክሪን ካርድ ችግር ነው፣ ከዛ ውጪ ያለው እንደየባዮሱ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ስለሚለያይ በግምት አይነበብም። ዝም ያለውን ራም ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ ብዬ አሸት አሸት አድርጌ፣ ፍርፋሪውን አራግፌ፣ በአልኮል ጠርጌ ስመልሰው እሱም ጢጥ አለ። ሞቷል ያልኩት ራም ቆሽሾ ነው።

ግን ስክሪኑ ያው ጥቁር ነው።

ሌላ ሞኒተር በቪጂኤ ስሰካ ምስሉ ፏ ብሎ መጣ። ስለዚህ የስክሪን ካርዱ ደህና ነው፣ ማሽኗ እያሰበች ነው፣ የማይታየው እዚህ ብቻ ነው። ከዛ ክፍሉን አጨልሜ የእጅ ባትሪ አበራሁና ስክሪኑ ላይ በአግድም ጣልኩበት። እንዲህ አይነት ነገር ሳይ ዛሬም ልቤ ደንገጥ ይላል፣ ከጥቁሩ ስር ልክ ደብዛዛ የእርሳስ ጽሁፍ ይመስል የባዮሱ ፊደል ቁጭ ብሏል። ምስሉ አለ፣ የሌለው መብራቱ ነው።

የዛን ዘመን ላፕቶፖች እንደዛሬዎቹ ኤልኢዲ አይደሉም፣ ስክሪኑ ግርጌ ላይ እንደ ፍሎረሰንት አምፖል ያለ 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አላቸው፣ እሱን ለማብራት ደግሞ ኢንቨርተር የምትባል ጠባብ ረዘም ያለች ሰሌዳ የጥቂት ቮልቱን ወደ ብዙ መቶ ቮልት ታሳድገዋለች፣ ሲነሳማ ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። ማሽኗ በርታ እያለ በጣት የሚነካ ነገር አይደለም፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ኢንቨርተሯን ጠረጠርኩ። የስክሪኑን ክፈፍ ፈለቀቅኩ፣ ፊውዟን ለካሁ፣ ደህና ናት። ሌላ ኢንቨርተር ፈልጌ አስመጣሁ፣ ያው። ቱቦው ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ክፈፉን ልመልስ ስል በካቻቢቴው ጫፍ ማጠፊያው አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ ነካሁ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ። ያቺ ቁልፍ ክዳኑ ሲዘጋ የምትጫነዋ ናት። የክዳኑ የጎማ ቅብ ተለጥልጦ ቀዳዳዋ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች አጣብቆ ይዟታል፣ ምስኪኗ ማሽን ክዳኔ ተዘግቷል ብላ ነው መብራቷን ያጠፋችው። ስንት ሳምንት ሙሉ እሷ ትክክል ነበረች። የጥርስ ብሩሽና አልኮል፣ 5 ደቂቃ፣ አለቀ። ኢንቨርተሯን አሁንም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ ሳያት ይደብረኛል።

ይሄ የሚያጣብቅ ቅብ ነገር ለብቻው ጽሁፍ ይወጣዋል። በሆነ ዘመን አምራቾች ሁሉ ላፕቶፕን ሲነኩት ለስለስ እንዲል በጎማ መሰል ቅብ ይቀቡ ነበር፣ ቅቡ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ይፈርሳል፣ ይላቆጣል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ራሱ ጭንቅላቱ እንዳይጋጭ የሚደገፍባት ቁራጭ ጎማ በአንዳንድ አሮጌ ዲስኮች ላይ ቀልጣ ጭንቅላቱን ይዛ አልለቅ ትላለች፣ ዲስኩ ይዞራል ግን ምንም አያነብም። አሁንም ጎማ።

ስክሪኑ ከበራ በኋላ ሰዓቷ ጃንዋሪ 1 1980 ይላል። ይሄ እንኳን የሚጠበቅ ነው፣ የድሮው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዶስ ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከዛ ነው። እ.ኤ.አ. 1984 በወጣው አይቢኤም ፒሲ ኤቲ ላይ ሰዓቱንና ሴቲንጉን የምትይዝ 64 ባይት ያላት የሞቶሮላ ቺፕ ነበረች፣ 14ቱ ባይት ለሰዓቱ 50ው ለሌላው፣ ማሽኑ ሲጠፋ በባትሪ ነው የምትኖረው፣ ሐሳቡ ከዛ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ባትሪዋ በኔ ማሽን ላይ ሲአር2032 የምትባለዋ ሳንቲም መሳይ ናት፣ 3 ቮልት መሆን ሲገባት 0.4 አሳየችኝ። ብቻ ቦታዋ! ኪቦርዱ ስር፣ ሽቦ ተበይዶባት፣ በፕላስቲክ ተጠቅልላ። "ቀን ተሳሳተ፣ ምን ችግር አለው" የሚል ካለ ደግሞ ኢንተርኔት ይክፈትና ይሞክረው፣ ማሽኑ 1980 ላይ ነኝ ብሎ ካመነ የድረ ገጾች ሰርተፊኬት በሙሉ ገና ያልተወለደ ይመስለውና አልከፍትም ይላል፣ ሰው ደግሞ ዋይፋዩን ሲፈታ ያድራል።

ሊቲየሟ እንኳን ብትሞት ብዙ ጊዜ በጨዋ ደንብ ነው የምትሞተው። የሚያስፈራው ከኔዋ በዕድሜ ከፍ ባሉት፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ማሽኖች ላይ ያለው የኒኬል ባትሪ ነው፣ በርሜል መሰል ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ቻርጅ የሚደረግ። ያፈሳል። የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ የመዳብ መስመሮቹን ተከትሎ እየበላ ይሄዳል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዱቄት እየሰራ። እንደዛ አይነት ማሽን ካለህና ልትጠግነው ሐሳቡ እንኳን ከሌለህ ቢያንስ ዛሬውኑ ከፍተህ ያቺን ባትሪ ቁረጣት። የፈሰሰውን በአቼቶ ነው የምታረክሰው፣ አሲድ ስለሆነ ያከሽፈዋል፣ ጥቂት ጠብ ታደርግና በጥጥ ጠርገህ፣ ከዛ በአልኮል አጥበህ ማድረቅ።

ስለ አቼቶ ካነሳሁ አይቀር፣ አሮጌ ላፕቶፕ ስትከፍት የአቼቶ ሽታ ከመጣብህ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ከስክሪኑ ነው የሚመጣው። ኤልሲዲው ላይ የተለጠፈው የብርሃን ማጣሪያ ፊልም ከሴሉሎስ የሚሰራ ሽፋን አለው፣ ሲያረጅ ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ፊልሙ ይጨማደዳል፣ አረፋ ይሰራል። ማሽኑን ክዳኑን ዘግተህ ስታፍነው ይብሳል። የኔዋን አሸተትኳት፣ የለም። አቧራ ብቻ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ምክንያቱም ማሽኗን እድሜ ካደረሰባት በላይ ያደረስኩባት እኔ ነኝ።

ያቺን ሳንቲም ባትሪ ለመቀየር ኪቦርዱን ማንሳት ነበረብኝ። ኪቦርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር በስስ ላስቲክ መሳይ ሪባን ነው የሚገናኘው፣ ሪባኑ የሚገባበት ሶኬት ላይ ቡናማ የሆነች፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች መቆለፊያ አለች። አንዳንዶቹ ወደ ላይ ነው የሚነሱት፣ አንዳንዶቹ ወደ ፊት ነው የሚንሸራተቱት። የኔዋ የምትንሸራተት ነበረች፣ በሁለቱ ዳር ጥፍር አስገብተህ ግማሽ ሚሊሜትር ሳብ። እኔ ወደ ላይ አነሳኋት። መጀመሪያ ትንሽ እምቢ አለች፣ ከዛ ገፋ አደረግኳት፣ ከዛ ያቺን የማትረሳ ድምጽ ሰማሁ፣ "ጥቅ"። ሃያ ዓመት የደረቀ ፕላስቲክ እንደ ብስኩት ነው። ግማሿ ጥፍሬ ላይ ቀረች፣ ግማሿ የት እንደበረረች እስካሁን አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔማ አፍስሼም አላገኘኋት። አሁን ሪባኑን የያዘው ከኋላው የተጠቀጠቀ እጥፍ የተደረገ ፕላስተር ነው፣ ይሰራል፣ "ጨ" ፊደል ላይ ስደርስ ግን አንዳንዴ ሁለት ይጽፋል።

ሁለተኛው ጥፋት ብሎን ነው። ብሎኖቿ ሁሉ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም፣ አራት አይነት ርዝመት አላቸው። በአንድ ጽዋ ውስጥ ደባልቄ አስቀመጥኳቸውና ስገጥም ረጅሙን አጭሩ ቦታ አስገባሁት፣ እየጠበቀ ሲሄድ ደስ አለኝ፣ ማሽኗን ስገለብጣት እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት ወጥቷል። እድለኛ ነኝ፣ ሁለት ጣት ወደ ቀኝ ቢሆን ማዘርቦርዱን ነበር የሚበሳው። ከዛ ቀን ወዲህ ካርቶን ላይ የማሽኑን ቅርጽ ስዬ ያወጣሁትን ብሎን በየቦታው እየሰካሁ ነው የምሄደው፣ ሰው ሲያየኝ ሕፃን ነው የምመስለው።

ማጠፊያውም ያው ታሪክ ነው። ብረቱ ምንም አልሆነም፣ ውስጡ ያለው ቅባት ደርቆ ጠንክሯል፣ ብሎኖቹ ደግሞ የሚይዙት ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ነው። ክዳኑን በኃይል ስትከፍተው የሚበላሸው ማጠፊያው አይደለም፣ ቀለበቱ ከነፕላስቲኩ ተነቅሎ ይወጣል። የግራውን በጠብታ ዘይት አላላሁት፣ የቀኙ አሁንም ያቃስታል፣ ስለዚህ ከመሃል ይዤ ነው ቀስ ብዬ የምከፍታት።

ሃርድ ዲስኩ ላይ ግን አልቸኮልኩም። ፎቶ አለበት ብዬ ስለማስብ። አሮጌ ዲስክ ከተነሳልህ መጀመሪያ ኮፒ ነው፣ ዊንዶውሱ ቡት ያድርግ አያድርግ ለማየት መጓጓቱ በኋላ ይደርሳል። ዲስኩን አውጥቼ በዩኤስቢ መቀየሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ሙሉውን ወደ ፋይል ገለበጥኩት፣ የማይነበበውን ዘሎ ቆይቶ በሚመለስ ፕሮግራም። የዛን ጊዜው ባለ 2.5 ኢንቹ አይዲኢ (የድሮው የዲስክ ማገናኛ) 44 ፒን ነው ያለው፣ መርፌ መርፌ የሚያህሉ፣ መብራቱም ዳታውም በአንድ ነው የሚያልፈው፣ አንድ ረድፍ ተንሸራቶ ከተሰካ 5 ቮልቱ የማይገባው ቦታ ይገባል። ሶስት ጊዜ ነው ያየሁት ከመሰካቴ በፊት። ከዛ በዲስኩ ፋንታ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ በመቀየሪያ አስገባሁላት፣ በኤሌክትሪክ ረገድ ካርዱ አይዲኢን ይናገራል፣ ማሽኗ ልዩነቱን አታውቅም። ትልቅ ዲስክ ለሚያስብ ደሞ የድሮዎቹ ባዮሶች አድራሻ የሚቆጥሩት በ28 ቢት ስለሆነ ከ137 ጊጋባይት በላይ ያለውን አያዩትም። ፎቶዎቹ? ነበሩ። አብዛኛው ድፍን ጨለማ ውስጥ በፍላሽ የተነሳ ሰው ነው።

10 ደቂቃ ሰርታ ድርግም የምትለው ግን ቆየብኝ። ፋኑን ስፈታው በማቀዝቀዣው ክንፎች በኩል ብርድ ልብስ የመሰለ አቧራ ተቋጥሯል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ቅባት ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ መጥፋቷ ቆመ።

እዚህ ላይ ግን "ቺፑ ደህና ነው" ያልኩትን ትንሽ ማላላት አለብኝ። ከፈረንጆቹ 2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያሉት ላፕቶፖች ላይ የስክሪን ካርዱ ቺፕ በብዛት ሞቷል። በአውሮፓ ሕብረት ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበትን ስታኞ የሚገድበው ደንብ ከጁላይ 2006 ጀምሮ ስራ ላይ ዋለ፣ 2008 ላይ ደግሞ ቺፕ ሰሪው ኤንቪዲያ ራሱ በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ የተጠቀመው ማያያዣና ማሸጊያ ቁስ ደካማ እንደነበረ አሳውቆ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ለጥገና እንደሚይዝ ተናገረ። ሰዉ ማዘርቦርዱን ኦቨን ውስጥ እየጋገረ የሚያስነሳው ያኔ ነው። ይነሳል፣ እውነት ነው፣ ለሳምንታት። ግን እዛም ላይ ቢሆን ያረጀው ሲሊከኑ አይደለም፣ ሲሊከኑን ከስሩ የያዘው ነው፣ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሲሳሳብ የኖረው። ኦቨኑን ግን አልመክርም፣ ምግብ በሚሰራበት ነገር ውስጥ ይሄን ጉድ ማስገባት ለራሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዋናውን ባትሪዋን አልፈታሁትም፣ አልሞላሁትምም። ውስጡ 18650 የሚባሉት ሲሊንደሮች ናቸው፣ ስማቸው ልካቸው ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ለዓመታት ባዶ ሆኖ የተኛ ሊቲየም ሴል በግድ ሲሞላ ውስጡ ሾርት ሊያደርግ ይችላል፣ ፈትቼ ሴል ልቀይር ብልም የባትሪው ቺፕ ራሱን ቆልፎ "አላውቅህም" ሊለኝ ይችላል። ስለዚህ ያለ ባትሪ ነው የምትሰራው፣ ገመዱ ከወለቀ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ እንደ ድሮ ዴስክቶፕ።

የቀረኝ ቱቦው ነው። ያልሞተው ግን ያረጀው። ስከፍታት ስክሪኗ ሮዝ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ ቱቦው ማርጀቱን የሚናገረው በዚህ ነው፣ ሶስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደ ነጭ ይመጣል። አዲስ ቱቦ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ፓነሉን እስከ መጨረሻው መፍታት፣ እነዚያን ስስ ወረቀት መሳይ ፊልሞች አንድም አቧራ ሳይገባ ማንሳት፣ ቱቦውንም ሳይሰበር ጫፎቹ ላይ መበየድ ይጠይቃል። ወይ ደግሞ የኤልኢዲ ጥብጣብ ከነማብሪያው ማስገባት፣ ቀላል ነው፣ ብሩህ ነው፣ ግን ነጩ የሷ ነጭ አይሆንም። እስካሁን አልወሰንኩም። ቱቦውን አዝዤዋለሁ፣ ጥብጣቡንም አዝዤዋለሁ። እስከዛው ቻርጀሩን ሰክቼ ፓወር እጫንና ክዳኗን ከመሃል ይዤ ቀስ ብዬ እከፍታታለሁ፣ ከዛ እስክትነጣ ድረስ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ እጠብቃለሁ።